የተመልካች ዕዳ

በአሜሪካ አገር፣ ዩኒቨርሲቲ ባለባቸው ከተሞች፣ በብርዱ ወራት የተለመደ አንድ የማታ ጨዋታ አለ። ጠጉራቸው የሸበተ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጡና ከመካከላቸው አንዱ፣ «ለመሆኑ በዘመናችሁ ካያችኋቸው የትምህርት ቤታችን የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ከሁሉ አብልጣችሁ የወደዳችሁት ማንን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲያ ሌሊቱ አይበቃም። አንዱ በአባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ያየውን ይጠራል፤ ሌላው ተማሪ ሳለ በአንድ ክፍል አብሮት ይማር የነበረውን ያነሣል፤ ሦስተኛው ደግሞ በጋዜጣ ስሙ እምብዛም ያልተጻፈ አንድ ተቀያሪ ተጫዋች ያስታውስና ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ «አዎን፣ እርሱስ!» ይላሉ።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል የጊዜ ማሳለፊያ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ለመረመረው ሰው ግን የኅሊና ጥያቄ ያዘለ ሆኖ ይገኛል። የኮሌጅ ተጫዋች በትምህርት ቤቱ ሜዳ የሚታየው እንደ ደንቡ ለአራት ዓመት ያህል ነው፤ ተመልካቹ ግን ስሙን አምሳ ዓመት ይዞት ይኖራል። ተጫዋቹ አርጅቶ፣ ታሞ ወይም ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ በተመልካቹ ልብ ውስጥ ግን ሁልጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ ሰው በጕብዝናው ወራት አስደስቶን ሲያልፍ፣ ለእርሱ ምን ዕዳ አለብን? እርሱን ማስታወሳችንስ ዕዳውን መክፈላችን ነውን? ወይስ እንዳንከፍል የምናመካኝበት ሰበብ ነው?

እኛ የዚህ ጨዋታ ሊቃውንት አይደለንም፤ ያወቅነው በንባብና በቴሌቪዥን ነው። ነገር ግን ሰው በገዛ ሠፈሩ ነገር ሲፈርድ ወገንተኝነት ስለሚያስቸግረው፣ አንዳንድ ጊዜ ከሩቅ አገር ታሪክ ላይ መማር ይቀላል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የቅርጫት ኳስ ከመጀመሪያው የተማሪ ጨዋታ ነው። በ1891 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በወ.ወ.ክ.ማ. የአሠልጣኞች ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ጄምስ ኔይስሚዝ፣ ብርድ ከቤት አላስወጣ ያላቸውን ተማሪዎች የሚያጫውትበት ነገር ቢቸግረው፣ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በአዳራሹ ሰገነት ላይ በምስማር አስመትቶ 13 ደንቦች ጻፈ። ኔይስሚዝ በ1898 ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ጨዋታውም አብሮት ሄደ። በ1939 ታላቁ የዩኒቨርሲቲዎች አገር አቀፍ ውድድር ሲጀመር የተካፈሉት ስምንት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን የአገሩ ሕዝብ በየዓመቱ በማርች ወር ሥራውን እስኪፈታ ድረስ የሚከታተለው ነገር ሆነ።

የኮሌጅ ተጫዋች የሚወደድበት መንገድ በጨዋታ ከሚተዳደረው ባለሙያ ተጫዋች የተለየ ነው። ባለሙያው ዛሬ በአንድ ከተማ፣ ነገ በሌላ ከተማ ይጫወታል፤ ተመልካቹም ይህን ያውቃል። ተማሪው ግን ተመልካቹ በተቀመጠበት ወንበር ተቀምጦ፣ በተፈተነበት ክፍል ተፈትኖ የሚያልፍ፣ እንደ ታናሽ ወንድም የሚቈጠር ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ የእርሱን ስም ሲጠሩ የራሳቸውን ወጣትነት ጭምር ይጠራሉ። የነገሩ ጣፋጭነትም አደጋውም ከዚሁ ላይ ይጀምራል፤ ምክንያቱም ሰው ራሱን እያስታወሰ ሳለ ሌላውን ያስታወሰ ሊመስለው ይችላልና።

አሁን ትዝታ ማንን እንደሚመርጥ እንመልከት። አስቀድሞ የሚመርጠው ቍጥር ያለውን ነው። ከ1967 እስከ 1970 ለሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተጫወተው ፒት ማራቪች በሦስት ዓመት ውስጥ በ83 ግጥሚያዎች 3,667 ነጥብ አስቈጠረ፤ ይኸውም በአንድ ግጥሚያ በአማካይ ከ44 ነጥብ በላይ ማለት ነው። በዚያን ዘመን ከሩቅ ተወርውሮ ለሚገባ ኳስ ሦስት ነጥብ መስጠት ገና አልተጀመረም ነበር። ሆኖም ቍጥር ሲያልፉት የሚታለፍ ነገር ነው። በማርች 3 ቀን 2024 የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረችው ኬትሊን ክላርክ ያንን ቍጥር አልፋ፣ የኮሌጅ ዘመኗን በ3,951 ነጥብ ፈጸመች። ታዲያ ከዚያ ቀን ወዲህ የማራቪች አድናቂዎች እርሱን መውደድ ተዉ? አልተዉም። ስለ እርሱ የሚያወሩት ወደ ቍርጭምጭሚቱ ስለሚወርደው ልቅ ካልሲው፣ ሳያይ ስለሚያቀብለው ኳስ፣ አሠልጣኙ አባቱ ስለ መሆኑ ነው። እንግዲህ ፍቅራቸውን በቍጥር ያስረዱ ነበር እንጂ ፍቅራቸው ከቍጥር የመጣ አልነበረም ማለት ነው።

ማራቪች በ1988 በጃንዋሪ ወር፣ በ40 ዓመት ዕድሜው፣ ከወዳጆቹ ጋር ለጨዋታ ያህል ኳስ ሲጫወት ወድቆ ሞተ። ከሞተ በኋላ ሐኪሞች ሲመረምሩት ለልብ ደም ከሚያደርሱት ሁለት ዋና ሥሮች አንዱ ከፍጥረቱ ጀምሮ እንዳልነበረው ተገኘ። ያን ሁሉ ሩጫ የሮጠው፣ ያን ሁሉ ደስታ ለሰው ያካፈለው በጎደለ ልብ ነበር። ተመልካቹ እጁን ያይ ነበር፤ ልቡን ያየ ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ትዝታ የሚመርጠው ነገር ታማኝነት ነው፤ ይህም ከቍጥር ይልቅ የሚያስከብር ነው። በ1989 የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በአስተዳዳሪዎቹ የደንብ መጣስ ምክንያት ተቀጥቶ ለሁለት ዓመት ከአገር አቀፉ ውድድር እንዲታገድ ተደረገ። በዚያ ጊዜ ብዙ ተጫዋቾች ትተው ሄዱ። ሪቺ ፋርመር፣ ዴሮን ፌልድሃውስ፣ ጆን ፔልፍሪና ሾን ዉድስ የተባሉ አራት ወጣቶች ግን ቀሩ። ያላጠፉትን ጥፋት ቅጣት ተቀብለው፣ እስከ አራተኛ ዓመታቸው ጸኑ። በማርች 28 ቀን 1992 በፊላደልፊያ ከዱክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባደረጉት ግጥሚያ አንድ ነጥብ ቀድመው፣ ሊፈጸም 2.1 ሴኮንድ ብቻ ሲቀር፣ ክሪስቲያን ሌትነር ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ የተወረወረለትን ኳስ ቀልቦ፣ ዞሮ አስገባው፤ ዱክ 104 ለ103 አሸነፈ።

ኬንታኪ ብዙ ዋንጫ ያገኘ ቡድን ነው። እነዚያ አራት ልጆች ግን ዋንጫ አላመጡም፤ ከዚያም በላይ በመጨረሻዋ ቅጽበት ተሸነፉ። ሆኖም ዩኒቨርሲቲው በዚያው ዓመት የአራቱን ማልያ በአዳራሹ ጣሪያ ላይ ሰቀለላቸው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል ያገራችን ተረት፤ በዚያ አገር ደግሞ ስም ከሽንፈትም በላይ ሊውል መቻሉን ከዚህ እንረዳለን። በዚህ ጊዜ ተመልካቹ በእውነት አመዛዝኖ ፈርዷል እንላለን፤ የተሰጠውን ሳይሆን የተከፈለለትን ዋጋ አይቷልና።

ሦስተኛው ነገር ስሕተት ነው፤ በዚህ ላይ ግን ትዝታ ጨካኝ ዳኛ ይሆናል። በኒው ኦርሊንስ ከተማ በሚገኘው ታላቅ አዳራሽ በ11 ዓመት ልዩነት ሁለት ነገሮች ሆኑ። በማርች 29 ቀን 1982 ጆርጅታውን ከኖርዝ ካሮላይና ጋር ለፍጻሜ ሲጫወት፣ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የነበረው ማይክል ጆርዳን ኳስ አስገብቶ ኖርዝ ካሮላይናን 63 ለ62 አስቀደመ። ጥቂት ሴኮንዶች ይቀሩ ነበርና የጆርጅታውኑ ፍሬድ ብራውን ኳሱን ይዞ መጣ፤ በዐይኑ ጥግ የባልንጀራው ጥላ መስሎት ለተጋጣሚው ለጄምስ ወርዚ አቀበለው፤ ነገሩም በዚያው አበቃ። በኤፕሪል 5 ቀን 1993 ደግሞ በዚያው አዳራሽ፣ ከዚያው ከኖርዝ ካሮላይና ጋር፣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ክሪስ ዌበር በሁለት ነጥብ ተመርተው 11 ሴኮንድ ሲቀር የዕረፍት ጊዜ ጠየቀ። ቡድኑ ግን የተፈቀደለትን ዕረፍት ጨርሶ ነበርና በደንቡ መሠረት ተቀጣ፤ ግጥሚያውም 77 ለ71 ተፈጸመ።

እነዚህ ሁለት ወጣቶች በኮሌጅ ዘመናቸው ያቀበሉትን፣ ያስገቡትን፣ የተከላከሉትን ኳስ ሁሉ ብንቈጥር ብዙ ሺህ ይሆናል። ስማቸው ሲነሣ ግን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አንዲቱን ቅጽበት ነው። እኛ እያንዳንዳችን በጽሕፈት ጠረጴዛችን ላይ የሠራነው ስሕተት በሚሊዮን በሚቈጠር ሕዝብ ፊት ቢሆን ኖሮ፣ ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉም ስማችን በተጠራ ቍጥር ያ ስሕተት ብቻ የሚነሣብን ቢሆን ኖሮ፣ እንዴት ልንኖር እንችል እንደ ነበር እናስብ። የሃያ ዓመት ልጅ በአንድ ሴኮንድ የሠራው የዕድሜ ልክ መታወቂያው እንዲሆን የፈረደው ማን ነው? ዳኛ አልፈረደበትም፤ ደንብም አላዘዘም። የፈረድነው እኛ ተመልካቾች ነን።

በዚያች የ1982 ሌሊት ግን በትክክል የፈረደ አንድ ሰው ነበር። የጆርጅታውን አሠልጣኝ ጆን ቶምፕሰን፣ ኳሱን ያበላሸው ልጅ ወደ እርሱ ሲመጣ፣ በቁመቱ ግዙፍ የነበረው ያ ሰው እጁን ዘርግቶ አቀፈው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1984 ጆርጅታውን ዋንጫውን ሲወስድ ፍሬድ ብራውን ከቡድኑ ጋር ነበር፤ አሠልጣኙም ደግሞ አቀፈው። በድል ቀን ማቀፍ ለማንም ይቻላል። የሁለተኛውን ዕቅፍ እውነት ያደረገው ግን የመጀመሪያው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ገና ይቀረናል። ተመልካች የሚወደውን ተጫዋች በሜዳ ላይ እያጨበጨበለት፣ ከሜዳ ውጭ ሰው መሆኑን ሊዘነጋ ይችላልን? ለዚህ ጥያቄ የፔሪ ዋላስ ሕይወት ያለ ማመንታት መልስ ይሰጠናል።

ፔሪ ዋላስ የናሽቪል ከተማ ተወላጅ፣ ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመ ጥቁር ወጣት ነበር። በ1966 ወደ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የምሕንድስና ትምህርት ጀመረ፤ በ1967 መጨረሻ ደግሞ በደቡቡ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ውስጥ በዋናው የቅርጫት ኳስ ቡድን የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። በሌሎች ከተሞች ሲጫወት የተሰደበው ስድብና የደረሰበት ዛቻ ብዙ ነው። በ1968 በሚሲሲፒ ግዛት ዐይኑን ተመትቶ ሲደማ የአዳራሹ ሕዝብ ደስ ብሎት ጮኸ፤ ቍስሉን ታክሞ ከልብስ መለወጫው ክፍል ወደዚያ ጩኸት የተመለሰውም ብቻውን ነበር።

ይህ የጠላት ነገር ነውና ለጊዜው እንተወው። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን የወዳጆቹ ነገር ነው። በገዛ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሕዝቡ ይጨበጭብለት ነበር፤ በመጨረሻው ዓመትም የቡድኑ አምበል እስከ መሆን ደርሷል። ከአዳራሹ ሲወጣ ግን ሰላም የሚለው ጥቂት ነበር። ገና በመጣበት ዓመት በሰንበት ለጸሎት የገባበት በአቅራቢያው ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ዳግመኛ እንዳይመጣ ነገሩት። በ1970 ትምህርቱን ሲፈጽም ለከተማው ጋዜጣ በሰጠው ቃል፣ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የነበረበትን ብቸኝነት ያለ ቍጣ፣ ያለ ማጋነን ተናገረ። ብዙዎች ተቀየሙት። «እኛ እኮ እናጨበጭብልህ ነበር!» ማለታቸው ነው። እርሱም ከተማውን ለቆ ሄደ፤ ሕግ ተማረ፤ በዋሺንግተን ከተማ በአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ሆነ። ቫንደርቢልት 25 ቍጥር ማልያውን በክብር የሰቀለለት በ2004 ነው፤ ይኸውም ከተመረቀ ከ34 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዋላስ በዲሴምበር 1 ቀን 2017 ዐረፈ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረታችን የተነገረው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ተመልካቹ ያስታወሰው ዋላስ ከቅርጫቱ ጠርዝ በላይ ዘልሎ የቀለበውን ኳስ ነው፤ ዋላስ ያስታወሰው ደግሞ ብቻውን የበላውን እራት ነው። ሁለቱም ትዝታዎች እውነት ናቸው። ነገር ግን የአንድ ሰው ታሪክ ሆነው ሳለ አልተገናኙም። ሕዝቡ ያዋረደው የመሰለው የተሳደበ እንደ ሆነ ብቻ ነበርና፣ በዝምታም ሰውን ማዋረድ እንደሚቻል ለማወቅ ሠላሳ አራት ዓመት ፈጀበት።

ስለ ዕዳ ከተነጋገርን ደግሞ ገንዘብን ሳያነሡ ማለፍ ሐሰት ይሆናል። ለብዙ ዘመን የኮሌጅ ተጫዋች ከነፃ ትምህርት፣ ከምግብና ከማደሪያ በቀር ምንም እንዳይቀበል ደንቡ ይከለክል ነበር። ምክንያቱም፣ «የሚጫወተው ለትምህርት ቤቱ ፍቅር ነው» የሚል ነበር። በ2010 ግን የዚያ አገር አቀፍ ውድድር የቴሌቪዥን መብት ብቻውን ለ14 ዓመት በ10.8 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። አሠልጣኞች ባለጸጎች ሆኑ፤ ነጋዴዎች ማልያ ሸጡ። በ1995 የካሊፎርኒያውን ዩሲኤልኤ ለዋንጫ ያበቃው ኤድ ኦባነን በወዳጁ ቤት ሳለ፣ የራሱን መልክ፣ ቍመትና የማልያ ቍጥር የያዘ ተጫዋች በኤሌክትሮኒክ ጨዋታ ውስጥ ሲሮጥ አየ። ስሙ አልተጻፈም፤ ፈቃዱም አልተጠየቀም። በ2009 ክስ መሠረተ፤ በ2014ም ተፈረደለት። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌላ ክስ በሙሉ ድምፅ ለተጫዋቾቹ ፈረደ፤ በዚያው ዓመት ከጁላይ 1 ጀምሮ ተማሪዎች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ ከ2025 ጁላይ ጀምሮም ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ እንዲከፍሏቸው ተደረገ።

በዚህ ያዘኑ ብዙ ሽማግሌዎች አሉ። «እንግዲህ ፍቅሩ አለቀ፤ ተጫዋቹ ሁሉ ገንዘብ ወደ በዛበት ይሄዳል፤ እንደ ኬንታኪዎቹ አራት ልጆች የሚጸና ከየት ይገኛል?» ይላሉ። ኀዘናቸውን አንንቅም። በእርግጥም ተማሪዎች ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው መዛወር ከ2021 ወዲህ እጅግ ቀሏቸዋል፤ ዛሬ የወደዱትን ልጅ በሚመጣው ዓመት በተጋጣሚ ማልያ ማየት ያማል። ነገር ግን እንጠይቃቸው፦ ያ ፍቅር ከሁለቱ ወገን አንዱ ብቻ እንዲደኸይ የሚያዝ ከነበረ፣ ፍቅር ነበር ወይስ ጥቅም? መምህሩ ማስተማር ይወዳል ተብሎ ደመወዙ ቢቀር፣ ጸሐፊው አገሩን ያገለግላል ተብሎ እንጀራ ቢነሣ፣ ማናችንም «ትክክል ነው» አንልም። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» እንዲሉ፣ ወርቁን ተቀብሎ ጭብጨባ መመለስ ሂሳቡን አይዘጋም። ፍትሕ ከፍቅር አስቀድሞ መከፈል ያለበት ዕዳ ነው፤ ፍትሕ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ፍቅር ደግሞ ያን ጊዜ እውነተኛ መሆኑ ይታወቃል።

ሌላ ሰው ተነሥቶ፣ «ይህ ሁሉ ማክረር ነው፤ ተመልካች ትኬቱን ገዝቶ ገብቷል፤ ተደስቶ ወጥቷል፤ ከዚያ በላይ ዕዳ የለበትም» ሊለን ይችላል። ይህም ክርክር ቀላል አይደለም። ገበያ ሄዶ እህል የገዛ ሰው ለገበሬው የዕድሜ ልክ ውለታ አለብኝ አይልም። ነገር ግን እህል የገዛ ሰው የገበሬውን ስም አምሳ ዓመት ሲጠራ አልሰማንም። እነዚያ ሽማግሌዎች በየዓመቱ ተሰብስበው ስም ሲጠሩ፣ የተቀበሉት ነገር በትኬት ዋጋ የማይመለስ መሆኑን በገዛ አፋቸው ይመሰክራሉ። ዕዳው ባይኖር ኖሮ ስሙ በአፋቸው ባልቀረ ነበር።

እንግዲህ እንዴት ብናስታውስ ነው ዕዳችንን የምንከፍለው? መልሱን በመጽሐፍ ሳይሆን በአንድ ወጣት እጅ ላይ አገኘነው።

ሃንክ ጋዘርስና ቦ ኪምብል ከፊላደልፊያ ከተማ የመጡ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተጫወቱ፣ በኋላም ወደ ካሊፎርኒያ ሄደው በሎዮላ ሜሪማውንት ዩኒቨርሲቲ አብረው የተሰለፉ ባልንጀሮች ነበሩ። ጋዘርስ በ1989 በተፈጸመው የጨዋታ ዘመን በነጥብ ብዛትም፣ ከቅርጫቱ የተመለሰ ኳስ በመያዝም ከአገሩ የኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ የወጣ ብርቱ ሰው ነበር። አንድ ድካም ብቻ ነበረበት፤ ይኸውም ነፃ ውርወራ ነው። በተጋጣሚ ጥፋት ሲደረስበት ማንም ሳይከለክለው የሚወረውረውን ኳስ ደጋግሞ ይስት ነበር። ቢቸግረው ቀኝ እጁን ትቶ በግራው መወርወር ጀመረ። በማርች 4 ቀን 1990 በግጥሚያ መካከል በልብ ሕመም ወደቀ፤ በ23 ዓመት ዕድሜው በዚያው ቀን ሞተ።

ቡድኑ ኀዘኑን ይዞ ወደ አገር አቀፉ ውድድር ገባ። ኪምብል በየግጥሚያው የመጀመሪያውን ነፃ ውርወራ ሲያገኝ፣ ቀኝ እጁ የታወቀ ሆኖ ሳለ ኳሱን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ወረወረ። በእያንዳንዱ ግጥሚያ እንዲሁ አደረገ፤ ሁሉም ገቡ። ቡድኑ ያለፈውን ዓመት ባለ ዋንጫ ሚሺጋንን 149 ለ115 ካሸነፈ በኋላ፣ ከመጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች አንዱ ሆኖ በላስ ቬጋሱ ዩኒቨርሲቲ ተሸነፈ።

አንባቢ ይህን ልብ ይበልልን። ኪምብል ባልንጀራውን ለማስታወስ ሲነሣ የጋዘርስን ብርታት የሚያሳይ ብዙ ነገር ነበረለት። የመረጠው ግን ድካሙን ነው። ሕዝቡ ስለ ጋዘርስ ያውቅ የነበረው ሲበረታ ነው፤ ባልንጀራው ደግሞ ባዶ አዳራሽ ውስጥ በግራ እጁ እየሞከረ ሲስት፣ እየሳተም ሲሞክር ያየው ነበር። ስለዚህ በሚሊዮን ሕዝብ ፊት የባልንጀራውን ድካም በራሱ እጅ ላይ አኖረው፤ ልስት እችላለሁ ብሎም አልፈራም። ተመልካች የሚያስታውሰው የተሰጠውን ነው፤ ወዳጅ ግን ሰውዬውን ያስታውሳል።

የጽሑፋችንም መደምደሚያ ይኸው ነው። ያስደሰተንን ሰው ማስታወስ በራሱ ዕዳን አይከፍልም፤ ደስታችንን ብቻ የምናስታውስ ከሆነ ዕዳውን ይጨምረዋል። የሚከፈለው ሰውዬውን ከነድካሙ፣ ከነብቸኝነቱ፣ ከነተገቢ ዋጋው ስናስታውስ ነው። ያም ቢሆን በጊዜው መሆን አለበት። የዋላስ ማልያ በ2004 መሰቀሉ መልካም ነው፤ በ1967 በአንድ ገበታ ከእርሱ ጋር መቀመጥ ግን ከዚያ እጅግ የሚሻል፣ ወጪውም የአንድ ወንበር ብቻ ነበር።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። መምህር የሆነ አንባቢያችን ካስተማራቸው ተማሪዎች መካከል የማንን ስም እንደሚያስታውስ ራሱን ይጠይቅ፤ አንደኛ ይወጣ የነበረውን ብቻ ነው ወይስ ሦስት ጊዜ ወድቆ በአራተኛው ያለፈውንም? የመሥሪያ ቤት ኀላፊ የሆነውም፣ ሥራው ሲያምር ያመሰገነውን ባልደረባ፣ ጥያቄው ባልሰመረበት ቀን በሩን ከፍቶለት እንደ ነበር ያስታውስ። ተማሪ የሆነው ደግሞ ዛሬ በሜዳ ላይ የሚያጨበጭብለት ልጅ ነገ ጠዋት በመማሪያ ክፍል ከአጠገቡ እንደሚቀመጥ አይርሳ። ወደፊት በእርጅናው ዘመን ስሙን ይጠራው ይሆናል። ዛሬ ግን ሰላም ይበለው።